ለጋሼ ሀብተ ወልድ የታዘዘላቸውን ፋይበር ስለ በሉላቸው አሥራ ሁለት ዶሮዎች

ለተከበሩ ጋሼ ሀብተ ወልድ፣
ከራጉኤል ጀርባ የሚገኘው የግቢያችን ዶሮ አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ተቆጣጣሪ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የዶሮዎች ሐኪም

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ኮሌስትሮልዎ ወርዶ፣ ድምፅዎ ብቻ እንደ ወትሮው ከፍ ብሎ እንዲቆይልን የግቢው ልጆች በሙሉ እንመኛለን። ይህን ደብዳቤ ውኃ ቆጣሪው አጠገብ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ቤትዎ መጥቼ ብናገር ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳልደርስ መርቀው እንደሚያሰናብቱኝ ስለማውቅ ነው። አቤቱታዬ እነሆ።

1. ሐኪም እንቁላል እንዲቀንሱና በውኃ የሚሟሟ ፋይበር ያለበት ምግብ እንዲያዘወትሩ ሲመክርዎ፣ እርስዎ በታላቅ ጥበብ እንቁላሉን ለራስዎ አስቀርተው ፋይበሩን ለዶሮዎቹ አስተላለፉት። ዶሮዋ ፋይበር ከበላች አስኳሉ ኮሌስትሮል አይኖረውም ብለው ወሰኑ። አባቴ በርበሬ ተራ ቅመም ስለሚነግድም፣ ፋይበር ሞልቶበታል ያሉትን አብሽ በቀን አንድ ስኒ መኖው ላይ እንድነሰንስ አዘዙኝ። ለሹመቱ አመሰግናለሁ።

2. አብሽ ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን የግቢው እናቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ እርስዎ ማንንም ስላልጠየቁ ግን ዶሮዎቹ ራሳቸው አስረዱን። ኩሳቸው እንደ ሙጫ ሆነ፣ ሰጋቱራው ተጋገረ፣ እንቁላሉ በኩስ ተለውሶ ይወጣ ጀመር፤ በቀን አሥር የነበረውም በሦስት ሳምንት አራት ገባ። ዶሮ ጠባቂያችን እትዬ ሀጅራ ያችኑ አራት እንቁላል በጨርቅ ሲወለውሉ ያረፍዱ ነበር።

3. እንቁላሉ የት ገባ ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ፣ የእርስዎ ጣት መኖውን አልፎ እትዬ ሀጅራ ላይ አረፈ። ድርሻቸውን ቀቅለው አውቶቡስ ተራ ለመንገደኛ እንደሚሸጡ የማያውቅ የለም፤ ለእርስዎ ግን ያ ብቻውን ማስረጃ ሆነ። የዶሮ ቤቱን ቁልፍ ከወገባቸው አስፈትተው ለታማኟ ልጅ፣ ማለትም ለእኔ፣ አስረከቡኝ። እንዲህ ያለ ሰው የማወቅ ችሎታ ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ ነው።

4. አራተኛውን ቅሬታ የማቀርበው በራሴ ላይ ነው። አንድ ስኒ ነበር ያሉኝ፤ እኔ የደፋሁት በቀን አንድ ጣሳ ሙሉ ነው። አባቴ ነቀዝ የገባበትን አብሽ ወስጄ እንድጥል ሲልከኝ ገንዳው ሩቅ፣ የዶሮ ቤቱ ቅርብ ሆነብኝ። የስብሰባው ቀን ጠዋት እትዬ ሀጅራ ከድርሻቸው አንድ እንቁላል ልጠው፣ ጨው ነስንሰው ሰጥተውኝ በልቻለሁ። ቁልፉን ሲፈቱ ግን ጫማዬን ሳይ ቆየሁ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ እንቅልፌ ግን አልሰማኝም።

ቁልፉን ከተረከብኩ ወዲህ አብሽ የሚባል ነገር መኖው ላይ አላደረግኩም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንቁላሉ ዘጠኝ ደረሰ። እርስዎም ሌባዋ ስትነሳ እንቁላሉ ተመለሰ እያሉ እስከ ሲኒማ ራስ አስወሩ፤ እሑድ ደግሞ እትዬ ሀጅራን ከማኅበሩ ሊያስወጧቸው ነው። ጋሼ፣ እንቁላሉስ ተመልሷል፤ የተነሳው ግን አብሹ ነው። የእኔ ዝምታ ለእርስዎ ማስረጃ ሲሆን ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ስለዚህ የእሑዱ አጀንዳ ተቀይሮ፣ እርስዎ ስለ ስኒው፣ እኔ ስለ ጣሳው፣ እትዬ ሀጅራን በሰው ፊት ይቅርታ እንድንጠይቅ በትሕትና አመለክታለሁ። ቁልፉን ዛሬ ጠዋት መልሼላቸዋለሁ። ለምን እንደመለስኩ አልጠየቁኝም፤ ወገባቸው ላይ አሰሩትና ቁርስ መብላቴን ጠየቁኝ።

ሳያነቡ ለሳይንስ፣ ሳይጠይቁ ለፍትሕ ስለዋሉት ውለታ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የታማኝነት ማዕረጓን በገዛ ፈቃዷ ያስረከበችው
ሰሀር ሙነወር፣ ከቅመም ነጋዴው ቤት

ሳልረሳው፦ ነቀዝ ያልነካው ንጹሕ አብሽ ከነስኒው በርዎ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ፋይበሩ መጀመሪያውኑ የታዘዘው ለእርስዎ ነበርና። አደራ ጋሼ፣ ከስኒው አይለፉ። በጣሳ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ዶሮዎቹ አሳይተውናል፤ ግቢያችን ያለው መጸዳጃ ቤት ደግሞ አንድ ነው።