በጋዜጣዎ ላይ ስለታተመው ሳቄ

ለተከበሩ የጋዜጣችን አዲስ ባለቤት፣
የውሃ ቦቴዎቹም ሁሉ ጌታ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ የቦቴዎችዎ ጎማ እንዳይፈነዳ፣ ቤትዎ ያለው ቧንቧ ሁሉ ሳያስል እንዲወርድ እየተመኘሁ፣ እኔ የታችኛው ሰፈር ቦኖ ጠባቂ ይህችን እጽፍልዎታለሁ። ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የሚያነብልኝ ስለጠፋ። ስህተት ቢያገኙ ይለፉኝ፤ እኔ በጋዜጣዎ ያገኘሁትን ባላልፍም።

አንደኛ፣ ምስጋና። በቀድሞው ባለቤት ጊዜ ጋዜጣው ለማንም ዕረፍት አይሰጥም ነበር። ቧንቧው ጭቃ ሲተፋ «ጭቃ ተፋ» ብሎ ይጽፋል፣ የውሃ ቢሮው ሹም ይቆጣል፣ ከተቆጣ በኋላ ግን ያስጠግናል። እርስዎ ከገዙት ወዲህ ተመስገን፣ በዚህ ከተማ ቧንቧ የሚባል ተበላሽቶ አያውቅም። መንግሥት የላይኛውንና የመሀሉን ሰፈር ቦኖዎች ዘግቶ፣ የእኛንም ሊዘጋ አስቦ፣ ውሃው በቦቴ እንዲሸጥ ለአንድ ነጋዴ ሲሰጥ፣ ጋዜጣዎ «ዘመናዊ አቅርቦት» ብሎ አሞገሰ፤ ነጋዴው ማን እንደሆነ ግን መጻፉን ረሳው። ትሕትናዎን አደነቅሁ። ስሙ ሲነሳ የሚያፍር ባለጸጋ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

ሁለተኛው የራሴ ጉዳይ ነው። ፎቶ አንሺዎ መጥታ ቧንቧውን ክፈቱልኝ ስትለኝ ከፈትሁላት። ቀጥላም «አባባ፣ በወጣትነትዎ ሴቶቹ የሚመጡት ለውሃው ነበር ወይስ ለእርስዎ?» አለችኝ። ባለቤቴን ያገኘኋት በዚያው ወረፋ ነው፤ ባልዲዋ ሞልቶ እየፈሰሰ እንኳ ንቅንቅ አትልም ነበር። እሷን አስቤ ሳቅሁ። ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። በማግስቱ ሳቄ ከነድዴ ፊት ገጽ ላይ ወጣ፤ ከሥሩም «የቦኖው መዘጋት ያስደሰታቸው አዛውንት» ይላል። ጣቴን ከቃል ቃል እየጎተትሁ ደግሜ አነበብሁት፤ አልተለወጠም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት አበው፣ እርስዎን ሳያዩ እንዴት እንዳወቁ ይገርመኛል።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቴ የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ቦኖ ነው፤ በቦቴ ውሃ ካጠበች ያገኘችውን ሁሉ ቦቴው ይጠጣዋል። ጋዜጣውን አፍንጫዬ ሥር ይዛ «አባባ፣ ጥርስዎን በስንት ሸጡላቸው?» አለችኝ። አሁን ውሃ የምትቀዳው ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። ሐሙስ ደግሞ የውሃ ቢሮው ሹሞች መጥተው የሰፈሩን አቤቱታ ከሰሙ በኋላ በቦኖው ላይ ይወስናሉ፤ ያንኑ ጋዜጣ ይዘው «ጠባቂው ራሱ ደስ ብሎታል» ሊሉ እንደተዘጋጁ ሰምቻለሁ። ሰፈሩ ውሃውን የሚያጣው በኔ ጥርስ ምስክርነት ይሆናል ማለት ነው።

ማስተባበያ እንዲወጣልኝም ቢሮዎ ድረስ ሄጄ፣ ያንን ደረጃ አረፍ እያልሁ ወጥቼ ነበር። አዘጋጁ ድሮ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃችን ውስጥ ቆሞ ይጽፍ የነበረ ልጅ ነው፤ ዛሬ ከጀርባው የቦቴዎችዎ ካላንደር ተሰቅሏል። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለኝ። አልተቀየምሁትም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የሱ አፍ ግን አልከዳም፣ ከነምላሱ ተገዛ እንጂ።

ስለዚህ ጌታዬ፣ ከሐሙስ በፊት ሳቄን ይመልሱልኝ። ካሣ አልጠየቅሁም፣ ይቅርታዎም ይቅርብኝ። «ሰውዬው የሳቀው ለሟች ሚስቱ ነው» የምትል አንዲት መስመር ከማስታወቂያዎ ሥር ብትወጣም ትበቃኛለች። እምቢ ካሉ ሐሙስ ከሹሞቹ ፊት እቆማለሁ፤ ፎቶውን ከፊቴ ጋር ያስተያዩት።

ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አንገቴን ግን ሳልደፋ፣ ከወገብ በላይ ባለ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ፤

የቦኖው ቁልፍ እስካሁን ከእጁ ያልወጣ ጠባቂ

ማሳሰቢያ፦ ይህችን ጽሑፍ አስቀድሜ ለጋዜጣዎ ሰጥቼ «ቦታ የለም» ስለተባልሁ፣ በቦኖው ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ። የላይኛውና የመሀሉ ሰፈር ቦኖዎች ስለተዘጉ ሕዝቡ ሁሉ የሚሰለፈው እኛ ዘንድ ነው፤ ተራው እስኪደርስም ይህችን ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ይህን ያህል አንባቢ ስላሰለፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።