ወድቃ አይደለም

ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ አለሙ፤

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርዎ ወገብዎ ተሻለው ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሰው ደግፎ ያስነሣዎታል? እናቴስ እንዴት ናት፤ ያ ሳሏ ለቀቃት? በጎቹ ደህና ናቸው? ድንቹስ ተተከለ? ጉና ላይ በረዶ ወረደ ሲሉ ሰምቼ የበልጉ ገብስ እንዴት ሆኖ ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበር። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ደህና ነው ብዬ ብጽፍልዎ ደብዳቤው ገና ሲጀመር ውሸት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ውሸት መጻፍ በቅቶኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎ አይቀርም። በስልክ ድምፅዎን ስሰማ ከአፌ የሚወጣው «እሺ አባባ» ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አጎቴ ዘርትሁን መልእክትዎን ይዞ ሲመጣም እሺ ብዬ ነው የሸኘሁት። ከሄደ በኋላ በራሴ ተናደድኩ። ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል። ደብዳቤውን ለገበያ የወረደው ጎረቤታችን ሞላ ያደርስልዎታል፤ ዓይንዎ ስለደከመ የምታነብልዎ እህቴ ሰላማዊት ናት። ሰላማዊት፣ አባባ ይቆጣሉ ብለሽ አንድም መስመር እንዳትዘይ። ድምፅሽንም አትቀንሺ፤ እናቴም ትስማ።

አጎቴ የነገረኝ ይህን ነው። አሰልጣኝ ባምላኩ የተከሰሰበት ነገር በሽምግልና እንዲያልቅ አንቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እሑድ አንበሳሜ ወርደው የሯጯን የማሬን አባት ሊለምኑ ነው። እኔም ፍርድ ቤት ቀርቤ እንዳልመሰክር አዘዋል። ሰውዬው እኔን ያስቀጠረ ነው፤ ያገራችን ልጅ ነው፤ ለደብራችን ድባብ የገዛ ነው። ልጅቷም የተሰበረችው ወድቃ ነው፤ ለዚህም ወረቀት አለ፤ «ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የገዛ ልጄ ነው» ብለዋል። ወረቀቱን ሲያሳዩዎ ሌላ ነገር አልጠየቁም አሉ። «ይሻው ከጻፈው ሌላ ምን እፈልጋለሁ» ብለው ነው የተነሡት።

አባባ፣ ወረቀቱ ውሸት ነው። የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

እዚህ ደብረ ታቦር ኮሌጁ ሲቀጥረኝ ደብዳቤው ላይ «የስፖርት ሕክምና ረዳት» ብለው ጻፉ። ሯጮቹ ግን ወጌሻ ነው የሚሉኝ፤ እኔም የአንቱን ስም የወረስኩ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር። የዞረ ቁርጭምጭሚት አቃናለሁ፤ የተያዘ ጡንቻ አሻለሁ። ማሬ ከአንበሳሜ የመጣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሦስት ሺህ ሜትር ትሮጣለች። ዝምተኛ ናት፤ ስትስቅ ግን ከሜዳው ማዶ ትሰማለች። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ግራ ክንዷን በሹራቧ ጠቅልላ ክፍሌ ገባች። አሰልጣኙ ከኋላዋ ነበር። እሷ አፏን ሳትከፍት እሱ ከደረጃ ወድቃ ነው አለኝ።

ክንዷን ያዝኩት። አንቱ ያስተማሩኝን ጣቴ አልረሳም። የሚወድቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ስለሚያርፍ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው አንጓው አጠገብ ነው። ዱላ የሚያርፍበት ሰው ግን ራሱን ሊከልል ክንዱን ስለሚያነሣ የሚሰበረው መሐል ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ነው። ልጅ ሆኜ በግጦሽ ተጣልቶ የመጣው ያ ሰውዬ ትዝ ይልዎታል? ከበቅሎ ወደቅሁ አለ። አንቱ በሁለት ጣት ዳሰስ አድርገው ይህ ዱላ ነው፣ እውነቱን ካልነገርከኝ አልጠግንህም አሉት። ላብ እያጠመቀው ሁሉንም ተናገረ፤ ከዚያ ጠገኑት። እኔ የመጠገኛውን ሸምበቆ ይዤ አጠገብዎ ቆሜ ነበር።

የማሬ ክንድ የተሰበረው መሐል ላይ ነው። ገና ስነካው አወቅሁ። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። እንድጠይቃት እየጠበቀች ነበር። ያስቀጠረኝ ሰው በሩን ተደግፎ ቆሟል። አልጠየቅኋትም። አጥንቱን አቃንቼ አሰርኩላትና የሕክምና ካርዷ ላይ «በመውደቅ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ስትወጣ አመሰግናለሁ ጋሼ ይሻው አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ አልሰማሁም ማለት አልችልም። አሰልጣኙ ሜዳ የሚወጣው ከአሮጌ ድንኳን የተረፈ የብረት ዘንግ ይዞ ነው። ሰዓት ያላሟላውን ይመታል፤ አመመኝ ያለውን ይመታል፤ መልስ የሰጠውን ደግሞ ለብቻው አስቀርቶ ይመታል። ይህን የማያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ የለም። የበሩ ጥበቃ አለምነው ጩኸት ሲሰማ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እኔ የተቀጠርኩት ለበሩ ነው፤ ሜዳው አይመለከተኝም» አለኝ፤ ምንም ሳያፍር። ዲኑ የልጆቹን ሰንበር በዓይኑ አይቶ፣ ዋንጫ የሚያመጣ ሰው እንዲህ በትንሽ በትልቁ አይነካም ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ከኪሷ ቅባት ትገዛላቸው ነበር። ደግ ሴት ናት፤ ቅባቱን ግን በየሳምንቱ ስትገዛ አንድ ቀን እንኳ ለፖሊስ ልናገር አላለችም። መምህራኑ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ያወሩታል፤ ከንፈር ይመጣሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ክፍል ይገባሉ። ሯጮቹን አልፈርድባቸውም፤ ልጆች ናቸው፤ የሚናገር ከቡድኑ ይባረራል ተብለዋል። እኛ ግን ትልልቅ ሰዎች ነን። እኔ ደግሞ ከሁሉም እብሳለሁ። ሌላው የሰማውን እኔ በእጄ ነው የዳሰስኩት።

መጋቢት ላይ አሰልጣኙ ደገመው፤ ያንኑ የማሬን ክንድ። ውድድር ደርሶ ነበርና ክንዷ ስላልጠና ዛሬ አልሮጥም አለችው። ያን ቀን ነገሩ ከእኔ አቅም በላይ ነበር፤ አጥንቱ ቆዳዋን በስቶ ወጥቷል። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ብረት አስገቡላት። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ከዚያ ወዲህ አይታዘዙላትም፤ የጫማዋን ክር የምታስርላት ጓደኛዋ ናት። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውንና የኅዳሩን ካርድ አይቶ ይህ ክንድ ከአሁን በፊትም ተመትቷል፣ ማነው ወድቃ ነው ያለው ሲል ማሬ ወደ እኔ ዞር አላለችም። አለማየቷ ነው የገደለኝ። ለፋሲካ ያልመጣሁትም እንደነገርኳችሁ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በምን ዓይኔ አያችኋለሁ ብዬ ነው።

አባቷ አቶ ፈንቴ ከሰሱ፤ አሰልጣኙም ለጊዜው ከሥራ ታገደ። አሁን ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚያሳየው ያንን የኅዳሩን ካርድ ነው። ልጅቷ ስትወድቅ የምትኖር ናት፤ ወጌሻው ራሱ ፈርሞበታል ይላል። ግንቦት 13 ቀን ችሎት ቆሜ ያንን የጻፍኩት ዋሽቼ ነው ካላልኩ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ሰውዬውም ዘንጉን ይዞ ሜዳ ይመለሳል። ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ። የሐሰት ወረቀት ጽፈሃል ብለው እኔንም ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ይጠይቁኝ፤ ይገባኛል።

አሁን ስለ አንቱ ልናገር። ልጅ አባቱን እንዲህ አይናገርም፤ አውቃለሁ፤ አንቱም እንዲህ አድርገው አላሳደጉኝም። ግን ተቆጥቻለሁ አባባ። አንቱ ወረቀት አዩ፤ እጇን አላዩም። ዕድሜዎን ሙሉ ሳይዳስሱ የማያምኑ ሰው ዛሬ ልጄ ጽፎታል ብለው ብቻ እግርዎን አነሡ። እኔን በማመንዎ ልቆጣ አይገባኝ ይሆናል፤ በዚህ በኩል ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገር ግን አጎቴ ሌላም ነግሮኛል። «ቢመታትስ? ያልተመታ ማን አለ? መምህር ሲመታ የኖረ ነው» ብለዋል። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ወድቃ ከሆነ የአባቷ ይቅርታ የሚለመነው ለምንድን ነው? ተመትታ ከሆነ ደግሞ ለማኙ ለምን አንቱ ሆኑ?

ሽምግልናን አልንቅም። አንቱ አስታርቀው ደም ያደረቁበትን ቤት እኔም አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ገዳዩ ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በደልኩ ብሎ፣ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ባምላኩ እስከ ዛሬ በደልኩ አላለም። ድንጋዩን ያሸከመው አንቱን ነው። አቶ ፈንቴ ሰው አክባሪ ገበሬ ናቸው። እንደ አንቱ ያለ ስመ ጥር ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆሞ እግርዎ ላይ ልውደቅ ሲላቸው እምቢ የሚሉበት አንጀት የላቸውም። ባምላኩ ይህን አውቆ ነው ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ አንቱን የመረጠው። ድባቡንም ያን ጊዜ የገዛው ለታቦቱ ብሎ ይሁን ለእንዲህ ያለ ቀን ብሎ፣ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ደግሞ ሰላማዊት ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ እዚህ ትገባለች፣ ሩጫዋንም ባምላኩ ይይዝልኛል ብለው እንዳሰቡ አልረሳሁም። ቢመታትስ የሚለውን ቃልዎን አሁን ፊትዎ ተቀምጣ የምታነብልዎን ልጅ እያዩ ይድገሙት። ካፍዎ ከወጣ ይሂዱ፤ አልከለክልዎትም።

ቅዳሜ አንበሳሜ ሄጄ ነበር። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ከቀትር በኋላ ነው የደረስኩት። አቶ ፈንቴ ተቀመጥ አላሉኝም፤ እኔም ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የካርዱንም፣ የጣቴንም፣ የፍርሃቴንም። ስጨርስ ሰውዬው ወደ ደጅ ወጡ። ማሬ የታመመ ክንዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትሰማኝ ቆይታ «ያኔ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለችኝ። ጋሼም አላለችኝም። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔም ልምጣ ወይ ብዬ ለመንኳት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ይሻው ምን ሆኖ ነው ለፋሲካ የቀረው እያለች ስትጨነቅ እንደከረመች ሞላ ነግሮኛል፤ አሁን ምክንያቱን ሰማች፤ ብታዝንብኝም እውነቱን ሰምታ ትዘን። ሞላ በቅሎውን ለኔ ብሎ ስላዘገየ ምስጋናዬ ይድረሰው። አጎቴ ዘርትሁንንም ሰላም በሉልኝ፤ ከእንግዲህ ግን የሰው ቃል ተሸክሞ ከመምጣቱ በፊት አንበሳሜ ጎራ ብሎ የልጅቷን ጣቶች ይይ። አንቺም ሰላማዊት ሰላም ሁኚ፤ ሳትዘይ ስላነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ውድድሩንም ሆነ ኮሌጁን ለጊዜው ተይው፤ ለፈተናሽ አጥኚ።

አባባ፣ እሑድ ቢቀሩልኝ ደስ ይለኛል። ከመጡ ግን የአቶ ፈንቴን በር የምከፍትልዎ እኔ ነኝ። ጉልበትዎን ስሜ አስገባዎታለሁ። የምቀመጠው ግን ማሬ ጎን ነው።

ልጅዎ ይሻው አለሙ
ደብረ ታቦር
ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.