ውሻዬን አንሺልኝ

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል
ጥር 9 ቀን

ለባለቤቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። የናኩሩ ብርድ ይከፋል ሲሉ ሰምቼ፣ ደረትሽን እንዴት አደረገሽ እያልሁ አስባለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ስልኬን ስለማታነሺ በወረቀት ጻፍሁልሽ።

አባትሽን በቀበርን በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር ላክሽልኝ፤ «ውሻዬን አንሺልኝ» የሚል። ውሻውን በከብት መኪና ጭኜ ኡራን ወደሚባለው መንደር ሰደድሁት። ኋላ ስትጠይቂኝ፣ ከቤት አንሺልኝ ያልሽ መስሎኝ ነው፣ ማንበብም ገና እየለመድሁ ነው አልሁሽ። ዋሸሁሽ። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ፎቶ እንደፈለግሽ ገብቶኛል። እንዴት ሰነበትሽ ሳትዪኝ የውሻውን መልክ መጠየቅሽ አንገበገበኝ። እሱም በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ የመጣሽ መስሎት ይሮጥ ነበር። እኔን የሚጠብቅ በዚያ ቤት አልነበረም። ይህን ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት በቦዳቦዳ ሞተር ተፈናጥጬ ኡራን ድረስ ሄድሁ። ውሻሽ ጓዴ በሕይወት አለ። ጎዳና የሚባል ፍየል አርቢ ዘንድ ነው ያለው፤ አፉ ዙሪያውን ሸብቷል፣ አንድ ዓይኑም ሞራ ለብሷል። ፎቶ ቤት ያላት ጎረቤቴ ሻምሳ አስቀድማ አስጠንታኛለች፦ ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርጊ፣ ብልጭታውን አጥፊ፣ ከላይ ቆመሽ አታንሺው፣ ቁመቱ ድረስ ውረጂ፤ ውሻ እንደ ሙሽራ ፈገግ በል ቢሉት አይሰማም አለችኝ። እኔም ከነጥቁር ልብሴ አፈሩ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ጎዳና በተሰባበረ አማርኛው፣ ማማ፣ ፍየል ልትሆኚ ነው እንዴ፣ እንግዲያውስ ከእነዚህ ጋር ላሰማራሽ እያለ ሳቀብኝ።

ጓዴ ብዬ ብጠራው ዞር አላለም፤ ጎዳና ሌላ ስም አውጥቶለታል። ሃያ ጊዜ ባነሳው ሁሉም ጭራና ጀርባ ሆነብኝ። ሲቸግረኝ ያንቺን ስም ጠራሁ። ስምሽ ከአፌ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው። ጆሮው ቀጥ አለ፤ አንገቱን አቅንቶ ከትከሻዬ በላይ መንገዱን ተመለከተ። የዚያን ጊዜ አነሳሁት። ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ።

ልውሰደው ብዬ ጎዳናን ብለምነው እንቢ አለኝ። አንዴ የጣለ ሁለተኛም ይጥላል፤ ባለቤቱ ራሷ ከመጣች ግን ገመዱን በእጇ አስይዛታለሁ አለ። እውነቱን ነው።

እንግዲህ ለእሱ ስትዪ ነይ፤ አርጅቷልና አትዘግዪ። እኔ ቤት እደሪ አልልሽም፤ ሻምሳ ትርፍ አልጋ አላት። ቀኑን ግን ለእሷ ንገሪያት። አውቶቡሱ ሲደርስ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ልይሽ፤ አልጠጋሽም።

የአባትሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ።

የአባትሽ ሚስት