በመረቡ ላይ ያለው ቀይ ክር

ሊቫዲ ወደብ፣ ሴሪፎስ

ውድ ሌሞኒያ፣

ደህና ነሽ ወይ? እኔን ብትጠይቂ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ነው እያለ ያስፈራራኛል፤ ዝናቡ ግን የለም። ጀልባዋን ከውሃ አውጥቼ ሆዷን ቀባኋት፤ ሙሽራ መስላለች። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ በቻልኩ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲሆን "እሺ፣ እሺ፣ በርቺ" ከማለት በቀር አፌ አይፈታም። የዛሬው ወሬ ደግሞ በእሺ የሚያልቅ አይደለም።

መጽሐፍሽ ደርሶኛል። መርከቡ ገና ገመድ ሳይጥል ከላይ ሆነው "ባርባ ያኩሚስ፣ ከአቴና ዕቃ መጥቶልሃል" ብለው ጮኹ። እኛ ጋ ፀጉሩ የሸበተ ባሕርተኛ ሁሉ ባርባ ነው፤ አንቺም ከእናትሽ ጋር ከመርከብ ከወረድሽበት ቀን ጀምሮ የምትጠሪኝ በዚሁ ነው። ዕቃውን ቤት ወስጄ ብቻዬን ልከፍተው አስቤ ነበር። በቡና ቤቱ በር ሳልፍ ግን ጎረቤታችን ፓንዴሊስ አየኝ፤ ፓንዴሊስ አየ ማለት ደግሞ ደሴቱ በሙሉ አየ ማለት ነው። የሚጫወትበትን የታቭሊ ሰሌዳ ገፋ አድርጎ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። "ሣጥኑ ያመጣው ልጅ" ይላል ሽፋኑ፤ ከሥሩ ስምሽ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ስምሽን በጣቴ ዳሰስኩት።

"ይሄ ወደብ የኛው ነው?" አለ ፓንዴሊስ የሽፋኑን ሥዕል ለማየት መነጽሩን እያስተካከለ።

"የኛው ነዋ።"

"ታዲያ የኔ ቤት የታለች?"

"ታሪኩ እኮ የዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት ነው። ያን ጊዜ ቤትህ አልተሠራችም።"

"ጣሪያዋን አላየኸውም መሰለኝ፤ ሦስት ሺህማ ይሞላታል።"

ገጹን ሲገልጥ ሲገልጥ የደሴቱ ንጉሥና አሽከሮቹ በሙሉ ድንጋይ ከሆኑበት ሥዕል ደረሰ። ፊቱ ተለዋወጠ። "ይኸውልህ፣ ልጅትህ አገር ምድሩን ድንጋይ አደረገችው። እኛንም ጭምር።"

"አንተን አልነካችህም" አልኩት። "አንተ ከጥንትም ድንጋይ ነህ።"

ቡና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልብ ብለሽ እንደሆነ "ልጅትህ" አለኝ፤ እኔም አላረምኩትም።

ከመጽሐፉ መሐል የወደቀችውን ካርድ ግን ለማንም አላሳየሁም። መጽሐፉ አቴና ላይ ሲመረቅ እንድመጣና ፊት እንድቀመጥ ጽፈሻል። ዝቅ ብለሽ ደግሞ "ካፒቴኑም ይመጣል" ብለሻል። አንብቤ ኪሴ ከተትኳት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ላለመምጣት ወስኜ ነበር። ካፒቴኑ የወለደሽ ሰው ነው። ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል፣ ለሥዕል ትምህርትሽም ከፍሏል፤ ሰው ፊት ሲቆምም ያምርበታል። እኔስ ምንድን ነኝ? የእናትሽ ባል ነበርኩ። እናትሽን ዛቤታን ከቀበርናት ወዲህ "እኔንና ልጅቷን የሚያገናኘን ምን ቀረ?" እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜአለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ቀርቦ "እርስዎ የሠዓሊዋ ምኗ ነዎት?" ቢለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

በዚህ መሐል ከላይኛው ከተማ መምህርት ኤፍሮሲኒ ላከችብኝ። ትምህርት ቤት መጥቼ መጽሐፉን ለልጆቹ እንዳነብላቸው ነው።

"እኔ እኮ ከጋዜጣ ርዕስ አልፌ አላውቅም" አልኳት።

"ልጆቹ ሥዕሉን ያነባሉ፤ እርስዎ ገጹን ይግለጡላቸው" አለችኝ።

የፋሲካ ሸሚዜን ለብሼ ዳገቱን ወጣሁ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለው ጠበቁኝ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ አርጊሮ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁት፣ ጫማዬ ላይ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት። ዞርዚስ የሚባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ ደግሞ እጁን አጣምሮ ኋላ ተቀምጧል፤ ልክ ዓሣ ሊገዛ መጥቶ ዋጋው ውድ እንደሆነበት ሰው።

ታሪኩን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል፤ እነሱ እንዴት እንደሰሙት ግን ልንገርሽ። የአርጎስ ንጉሥ የልጅ ልጅህ ይገድልሃል የሚል ትንቢት ሰምቶ ልጁን ዳናኤን ሲቆልፍባት አርጊሮ "ምን ዓይነት አባት ነው?" አለች። ታላቁ አምላክ ዜውስ የወርቅ ዝናብ ሆኖ በጣሪያው ሲወርድና ሕፃኑ ፔርሴዎስ ሲወለድ ሁሉም አፉን ከፈተ፤ ወርቁን ያፈሰስሽው ገጹ እስኪያበራ ድረስ ነዋ። ንጉሡ እናትና ልጅን ሣጥን ውስጥ ከቶ ባሕር ላይ የጣላቸው ጊዜ ግን ልጆቹ በምንጣፉ ላይ እየተንፏቀቁ ወደ ሥዕሉ ተጠጉ።

"ሣጥኑ ለምን የቆዳ ቀበቶ አለው?" አለ ዞርዚስ።

"ለመሸከም እንዲመች ነው" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ያን ሣጥን አውቀዋለሁ። አንቺና ዛቤታ ከመርከብ ስትወርዱ የያዛችሁት ሻንጣ ነው፤ አንዱ ቀበቶው የተበጠሰው። ከወደቡ እስከ ቤት የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ትከሻዬ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ የሴሪፎሱ ዓሣ አጥማጅ ዲክቲስ መጣ፤ ሣጥኑን በመረቡ ጎትቶ አወጣና እናትና ልጅን ቤቱ አስገባቸው። ልጆቹ አጨበጨቡ። የኛ ሰው ነዋ። የሌላ አገር ልጅ በዚህ ተረት ጀግናውን ይወዳል፤ የኛዎቹ ዓሣ አጥማጁን ነው የሚወዱት። ዞርዚስ ብቻ ተቃወመ።

"አባቱ ግን እሱ አይደለም። አባቱ ዜውስ ነው። ዜውስ መብረቅ አለው።"

"ዜውስ ዝናብ ሆኖ መጣ፣ ከዚያ አባራ" አለች አርጊሮ። "ዋና ያስተማረው ማን ነው?"

"ዋናማ ማንም ያስተምራል።"

"አንተን ማን አስተማረህ?"

"አባቴ።"

"እ?" አለችው። አርጊሮ ወደ እኔ ዞራ "ባርባ፣ ፔርሴዎስ ዓሣ አጥማጁን ምን ብሎ ነበር የሚጠራው?" አለችኝ።

"መጽሐፉ አይልም" ብዬ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጥኩ። አንዱን ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። የትኛው እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ እሱን ሳይ እንባዬ ይቀድመኛል፣ ልጆች ፊት ደግሞ እንዲህ መሆን አልፈለግኩም።

ፈጥኜ ቀጠልኩ። ክፉው የሴሪፎስ ንጉሥ ዳናኤን በግድ ሊያገባ ፈልጎ ልጇን ከአጠገቧ ለማራቅ፣ ያያት ሁሉ ድንጋይ የሚሆንባትን የሜዱሳን ራስ አምጣ ብሎ ላከው። ሜዱሳ ስትመጣ ሁሉም ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ዞርዚስ አልፈራም ብሎ ነበር፤ እሱም በጣቶቹ መሐል ነው ያያት። ፔርሴዎስ የሜዱሳን ራስ ይዞ ተመልሶ ንጉሡን ከነአሽከሮቹ ድንጋይ ሲያደርገው ክፍሉ ገበያ ሆነ። ከኛ የፍየል በረት በላይ ያለው ድንጋይ የንጉሡ ዘበኛ ነው አለ አንዱ። ሌላይቱ ደግሞ ወጥ ቤቱ ነው፣ ጭልፋውን ይዞ ነው የደረቀው፣ አያቴ አሳይታኛለች አለች። ሌሎች ልጆች ይህን ተረት ይሰሙታል፤ የኛዎቹ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሄደው ይወጡበታል። ይህን ኩራት በሥዕል የሰጠሻቸው አንቺ ነሽ።

መጨረሻው ላይ ዓሣ አጥማጁ ንጉሥ ሆነ፤ አክሊሉን ግን በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ከኮፍያው ጎን ሰቅሎታል። ልጆቹ ሳቁ። መጽሐፉን ዘጋሁና ልነሳ ስል አርጊሮ ጉልበቴን ያዘች።

"አንድ ገጽ ዘለዋል።"

"አልዘለልኩም።"

"ዘለዋል፤ ቁጥር አውቃለሁ።"

መምህርት ኤፍሮሲኒ እየሳቀች "ባርባ፣ ከእሷ አያመልጡም" አለች። ምን አደርጋለሁ፣ ከፈትኩት።

የቀትር እንቅልፍ ሰዓት ነው። መንደሩ በሙሉ ተኝቷል፤ ድመቷ ወንበር ሥር ተዘርግታለች። ዓሣ አጥማጁ ብቻውን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል። ከመረቡ አንድ ቦታ ላይ ቀይ ጥጋኝ አለ፤ እሱን ነው የሚሰፋው። ከሥሩ "ልጁም በዓሣ አጥማጁ ቤት አደገ" ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

"ክሩ ለምን ቀይ ሆነ?" አለች አርጊሮ።

ነገርኳቸው። አንዲት እንደናንተ ያለች ልጅ ነበረች፤ መረቤ ተቀዶ ብታይ ከእናቷ ሹራብ ቀይ ሱፍ መዝዛ ጠገነችልኝ አልኩ።

"ሱፍማ ባሕር ውስጥ ይበሰብሳል" አለ ዞርዚስ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ አይደል።

በሰበሰ፣ አልኩት። ሳምንትም አልቆየ። ልጅቷ ግን ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ እየመጣች "የኔ ጥጋኝ አልተፈታም አይደል?" ትለኛለች። ስለዚህ ከፒሬየስ ወደብ ቀይ የናይለን ክር አስመጣሁና በቀትር፣ እሷ ስትተኛ፣ እንደገና ሰፋሁት። ሲሳሳ ደግሜ፣ ሲሳሳ ደግሜ። እስክታድግ ድረስ።

"አላወቀችብዎትም?"

"አላወቀችም" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። እኔ ያኩሚስ ዓሣውንም ሰውንም የማሞኝ ነኝ ብዬ።

አርጊሮ ፍርፍር ብላ ሳቀች። "ታውቃለች እንጂ። ይችውና።"

ጣቷን መስኮቱ ላይ አሳረፈች። የተዘጋው የመስኮት መዝጊያ ሳንቃዎቹ መሐል ቀጭን ክፍተት አለች፤ በክፍተቷ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ያያሉ። ሌሞኒያ፣ ያን ገጽ ስንቴ እንዳየሁት አልነግርሽም፤ ዓይኖቹን ግን አላየኋቸውም ነበር።

"እሱ ፔርሴዎስ ነው" አለ ዞርዚስ።

"ፔርሴዎስ ጉንጉን አለው እንዴ? እያት፣ ጉንጉኗን በቀይ ሱፍ አስራዋለች። አልተኛችም። አባቷ ምን እየሠራ እንደሆነ እያየች ነው።"

ይህን ያለችው ዳቦ ተቃጠለ እንደምትል ሆና ነው፤ ምንም ሳይከብዳት። እኔ ግን መነጽሬን አወለቅሁ፣ ጠረግሁት፣ ደግሜ ጠረግሁት። ዞርዚስ ተነስቶ ቀረበና ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው። "እሺ" አለ በመጨረሻ፤ "ዜውስ መብረቅ ይኑረው።" ይህ ከዞርዚስ አፍ ሲወጣ እጅ ሰጠሁ ማለት ነው።

ዳገቱን ስወርድ ጉልበቴ አላመመኝም። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። "የኔ ጥጋኝ አልተፈታም አይደል?" ስትይኝ ፊትሽ ላይ የነበረችው ሳቅ ትዝ አለችኝ። እኔ የልጅ ደስታ ነው ብዬ ነበር። ለካ እኔ ላንቺ ዝም ስል አንቺም ለኔ ዝም ብለሽ ኖሯል።

ማታውን ቡና ቤቱ ወሬውን ቀድሞኝ ሰምቷል። "ንጉሥ ሆንክ አሉ፤ ስትገባ እንነሳልህ?" አለ ፓንዴሊስ። "ተቀመጥ፤ የዛሬውን የራኪ መጠጥ ብቻ ክፈል" አልኩት። ከፈለ። ይህ ደግሞ ከሜዱሳው የሚበልጥ ተአምር ነው።

እመጣለሁ። የመርከብ ትኬቴን ቆርጬ ከቅዱስ ኒኮላዎስ ሥዕል ጀርባ ሰክቻታለሁ። ከመረቡም ቀይዋን ጥጋኝ ዙሪያዋን ቆርጬ አመጣለሁ፤ የአቴና ልጆች በእጃቸው ይዳስሷት። ካፒቴኑን ካገኘሁት ከልቤ እጨብጠዋለሁ፤ ያለ ወርቁ ዝናብ ተረቱም አይኖርም ነበርና። ቦታዬን ግን አለቅለትም። አንዱ ቀርቦ ምኗ ነዎት ቢለኝ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እነግረዋለሁ፤ ጨው እንደሆነ እኛ ጋ ሞልቷል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አዳራሹ ውስጥ ስታይኝ ባርባ ብትይኝም ደስ ይለኛል፤ ለምዶብኛል። ስምሽ ሲጠራ ወደ ፊት ወንበሩ ብቻ ተመልከቺ። የፋሲካ ሸሚዝ ለብሶ ከሁሉ በፊት ቆሞ የሚያጨበጭበው ሰው እኔ ነኝ።

እስከ ዛሬ በላክሁልሽ ካርድ ሁሉ ላይ ስሜን ብቻ ነበር የምጽፈው። አርጊሮ ካረመችኝ ወዲህ እንዲህ ነው የምፈርመው፦

አባትሽ
ያኩሚስ