የቪንኮ ሌንስ

ለውድ እትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የትሪየስቴ ነፋስ ዘንድሮም እንዳላስቀመጠሽ ከልጅሽ ሰምቻለሁ። እባክሽ መስኮቱን ዝጊና ተኚ፤ ባሕሩ ጥሎሽ የትም አይሄድም። እኛ ደህና ነን። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ፤ ግራ ገብቶኛል፣ እትዬ። የምጽፍልሽ ስለ ሌንስ ነው፤ እንዳትስቂብኝ።

ባሌ ቪንኮ ለንብ አርቢዎች ማኅበር የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በየዓመቱ የንብ ፎቶ እንደሚያነሳ ታውቂያለሽ። የንብ ዓይን ላይ ያለችውን ፀጉር ሳይቀር የሚያሳይለት ያ የቅርብ ማንሻ ሌንሱ ሃያ ዓመት አብሮን ኖሯል፤ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው ሲወለውል የኖረው። ዘንድሮ ግን ፎቶዎቹ ሁሉ ብዥ እያሉ መጡ። “ሌንሱ አርጅቷል፤ መስታወቱ ደክሟል” አለኝ። እኔም “እውነትህን ነው፣ ደክሟል” አልኩ። መስታወት ይደክማል እንዴ?

ሌላም አለ። የንቦቹን ንግሥት በሁለት ጣት ይዞ፣ ዕድሜዋ እንዲታወቅ ጀርባዋ ላይ የዓመቱን ቀለም ነጥብ ማሳረፍ የእሱ ሥራ ነው። ጎረቤቶቻችን “ቪንኮ ዓይኑን ጨፍኖም አይስታት” ይሉት ነበር። በዚህ ግንቦት ቀለሙ ጭንቅላቷ ላይ ፈሰሰ። ንቦቹ የገዛ ንግሥታቸውን እንደ ባዕድ ቆጥረው ገደሏት። ሁለተኛዋም እንደዚሁ ሆነች። ሦስተኛዋን ምልክት ሳያደርግባት ወደ ቀፎዋ መለሳትና “ቀለሙ ቀጥኗል” አለኝ። አዲስ ቀለም ገዛሁለት። ምን ላድርግ?

ልደቱ ሲቃረብ ሌንስ ልገዛለት ወሰንኩ። እሱ ደግሞ አስቀድሞ አስጠነቀቀኝ፦ “ያንኑ ዓይነት፣ አሮጌውን፣ ንጹሕ ሆኖ የተያዘ ካገኘሽ። አዲሱን እንዳያሸክሙሽ! እሱ ካሜራ መያዝ ለማይችል ሰው የተሠራ ነው።” ይህን ሲለኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር።

ሉብሊያና ከተማ ስወርድ ካሜራ የሚሸጡት ሽማግሌ፣ አቶ ሉድቪክ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። አሮጌው ብረት ነው፤ ቀለበቱ በጣት ሲዞር ቅቤ ነው። አዲሱ ቀለል ይላል፣ ዒላማውን ራሱ ይፈልጋል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ የሚይዘውን ሰው እጅ እንደሚያረጋጋ የሚናገሩ ሁለት ፊደሎች ተጽፈውበታል። በጣም ሲጠጉ ግን ማረጋጋቱ ትንሽ ብቻ እንደሚረዳ ሰውየው አልደበቁኝም። የፎቶውስ ጥራት ብላቸው ሁለቱም ያው ናቸው አሉኝ። ለምን በሦስት እግር ማቆሚያ አያነሳም ትይኝ ይሆናል፤ ንብ እስክታቆሚው ቆማ አትጠብቅሽም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? አንዱን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ ሌላውን አነሳለሁ። አሮጌውን ብገዛለት ፎቶው እንደገና ብዥ ይላል፤ ያኔ የሚያመካኝበት መስታወት አይኖረውም። አዲሱን ብገዛለት የእጁን ነገር ማየቴን ያውቃል። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ያህል ፈርቼው አላውቅም። እሱን ሳይሆን የሚቀጥለውን ቃል ነው የፈራሁት።

በመጨረሻ አቶ ሉድቪክ “ወይዘሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ባለቤትዎ ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር” አሉኝ። ንቦቹን ጥሎ ከተማ! ለእኔ ለማኅበሩ ስብሰባ ነው ብሎኝ ነበር። አዲሱን ይዞ መስኮቱ ላይ ያለውን አበባ ሦስት ጊዜ አንስቶ፣ ፎቶውን ትክ ብሎ አየ አሉ። ቀጥሎ የጠየቃቸው ምን መሰለሽ? ጎኑ ላይ ያሉት ፊደሎች ይፋቁ እንደሆነ ነው። “ሚስቴ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች” ብሎ።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀሴን አልሸሽግሽም። ሰውየው ውሃ አመጡልኝና በአዲሱ ሌንስ ፊደሎች ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፈው ጠቀለሉልኝ።

እቤት ስደርስ “አሮጌውን አገኘሁልህ” አልኩት። ተቀብሎ አገላበጠው። ክብደቱ እንደማይመሳሰል ያላወቀ መሰለሽ? አውራ ጣቱ ፕላስተሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። “ጥሩ ነው። አሮጌው ይሻላል ብዬሽ አልነበር?” አለኝና ወደ ቀፎዎቹ ወጣ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

አሁን ፍረጂኝ፣ እትዬ። ደግ አድርጌያለሁ ወይስ ሁለታችንንም ሐኪም ቤት ከመሄድ አዘግይቻለሁ? አንድ ቀን ደግ ሥራ ይመስለኛል፣ በማግስቱ ፍርሃቴን ፕላስተር ያለበስኩት ይመስለኛል። ትናንት በአዲሱ ያነሳውን አሳየኝ፤ የንቧ ክንፍ ላይ ያሉት ጅማቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። “እጄን አየሽው?” ሲለኝ ደነገጥኩ፤ ለካ የእጁን ሥራ፣ ፎቶውን ማለቱ ነው። “አየሁት፣ ቪንኮ” አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና ሌንሱን መወልወል ጀመረ።

ስትመጪ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። እኛ ቤት የእሑድ ሾርባ አሁን በሳህንና በማንኪያ ሳይሆን በትልልቅ ኩባያ ነው የሚቀርበው። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂ። አንቺም እንደኛ በሁለት እጅሽ ያዢና ጠጪ።

ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ለፍርድሽም ልብ ይስጠኝ።

ታናሽሽ