የባለቤቴን ጉሮሮ ስለምትዘጋውና ስሟ ስለማይጻፈው ተባይ

ለተከበሩ የምግብ መለያ ጽሑፍ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጠለቀ፣ የምግብ ፍላጎትዎም እንደ ሥልጣንዎ የሰፋ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በተለይም ጉሮሮዎ ክፍት ሆኖ እንዲሰነብት የምመኝልዎ ለይስሙላ አይደለም፤ የጉሮሮ መከፈት ምን ያህል ታላቅ ጸጋ እንደሆነ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከመሥሪያ ቤትዎ ባገኘሁት ትምህርት በሚገባ ተረድቼዋለሁና።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ቀደም ሲል ለእርስዎ ብቻ የጻፍኳቸው ዘጠኝ ደብዳቤዎች፣ የመጨረሻው ካገኘው አጭር መልስ በቀር፣ በመዝገብ ቤትዎ በክብር እንዳረፉ ስለተነገረኝ ነው። ያረፈን መቀስቀስ ነውር መስሎ ስለታየኝ አሥረኛውን በጋዜጣ ልኬዋለሁ። ፊደል ያጣመመ ተማሪ ጣቱን በሚቀጣበት ዘመን የተማርኩ ሽማግሌ ነኝና ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ፣ ባርኔጣዬንም አውልቄ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከወቀሳ ምስጋና ይቀድማልና ስለ ፖሙ አመሰግናለሁ። ከመንገዳችን ማዕዘን ካለው ፍሬ ሻጭ የገዛሁት ፖም እጅግ ከማብረቁ የተነሣ ጢሜን በእሱ እያየሁ ልላጭ እችል ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀምጦም እኔ ስሸበሸብ እሱ አልተሸበሸበም። አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ የኖረችው ባለቤቴ ግን በአውራ ጣቷ ጥፍር ፋቅ አደረገችውና፣ «ይኸማ እኔ ክር የማሽበት ሰም ነው፤ ፖሙን ልንበላው ነው ወይስ ልንሰፋው?» አለችኝ። ፍሬ ሻጩን ምን እንደተቀባ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ ላዩን ተዉትና ውስጡን ይብሉ» ሲል መከረኝ። በላዩ ሳያልፉ ወደ ውስጡ የሚገባበትን ዘዴ መሥሪያ ቤትዎ ያውቀው ይሆናልና፣ በሚቀጥለው መመሪያ ቢያወጡልን ደስ ይለናል።

ሁለተኛ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ባለቤቴ ከምሳ በኋላ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ባለእንጆሪ እርጎ መብላት ጀመረች። በክዳኑ ላይ ሦስት እንጆሪዎች ከነጤዛቸው ተስለዋል። ገና ሳትጨርሰው ከንፈሯ አበጠ፤ ቀጥሎ ዓይኗ ተደፈነ፤ ቀጥሎ ትንፋሿ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። ጎረቤታችን የታክሲ ሹፌር ጫማውን ሳያጠልቅ ክሊኒክ አደረሰልን፤ መርፌ ተወግታ ተረፈች። ተረኛው ሐኪም፣ «እማማ፣ ያልተስማማዎትን ነገር ይወቁና ሁለተኛ አይንኩት» አላት። ምክሩ ቀላል ነበር። ቤት ገብቼ ብልቃጡን በማጉያ መነጽር ሳነበው ወተት፣ ስኳር፣ እንጆሪ፣ የተፈቀደ ማቅለሚያ ይላል። ወተትና ስኳር ዕድሜ ልኳን የለመደቻቸው ናቸው፤ እንጆሪውንም ሐኪሙ እያየ ለብቻው ሰጥተናት ምንም አልሆነችም። የቀረው ያ የተፈቀደው ነው። መፈቀዱን አወቅን፤ ማን እንደሆነ ግን የሚነግረን ጠፋ። እንግዳ በር አንኳኩቶ «ማን ልበል?» ሲባል፣ «የተፈቀደልኝ ነኝ» ብሎ ዘው ቢል ክቡርነትዎ ምን ይሰማዎት ነበር?

ሦስተኛ፤ ያው እንግዳ በሁለተኛው ጊዜ በቋሊማ፣ በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ከአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ለእንግዳ በቀረበ ቀይ ከረሜላ ውስጥ ተደብቆ መጣ። በሦስተኛው ጊዜ መርፌ አንድ ብቻ አልበቃትም። ከዚያ በኋላ ክሊኒኩ ወደ አለርጂ ሐኪም ላከን፤ ሐኪሟም ወንበራቸውን ወደ እኛ ስበው እንዲህ አስረዱን፤ ቁልቋል ላይ የምትኖር፣ ከቅማል ብዙም የማትተልቅ ተባይ አለች፤ ትደርቃለች፣ ትፈጫለች፣ የማይለቅ ቀይ ቀለምም ትሰጣለች። እርጎውን፣ ቋሊማውንና ከረሜላውን ልታቀላ ትችላለች። የከረሜላውና የፖሙ ማብረቂያ፣ በሙያው ስሙ ማልበሻ፣ ደግሞ አንዳንዱ ከንብ ሰም፣ አንዳንዱ ከቅጠል፣ አንዳንዱም የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የምትኖር ሌላ ተባይ ከምታወጣው ሙጫ ነው። እነዚህ ለአብዛኛው ሰው ምንም አያደርጉም፤ ለጥቂቱ ሰው ግን ቀይዋ ጉሮሮ ትዘጋለች። «እሷን እጠረጥራለሁ» አሉ ሐኪሟ፤ «ሆኖም ከሥር የሚወጣም፣ በፋብሪካ የሚሠራም ሌላ ቀይ ስላለ፣ ብልቃጡ ውስጥ የነበረው የትኛው እንደሆነ ካላወቅሁ ይህን ብሉ፣ ያን ተዉ ልላችሁ አልችልም። የሚቀጥለው ከእስካሁኑ እንዳይብስ ግን እፈራለሁ።»

እዚህ ላይ እንዳልታማ አንድ ነገር ላስመዝግብ። ሰው ተባይ አይብላ አላልኩም። ንብም የእሷው ወገን ናት፤ ነገር ግን ማሯን የምንበላው ማር ብለን ጠርተን ነው።

አራተኛ፤ ስሟን ፍለጋ ተነሣሁ። ለእርጎ ፋብሪካው ብጽፍ የቅመማው ዝርዝር ምስጢር ስለሆነ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጠይቅ አለኝ። ተቆጣጣሪው እርስዎ ነዎትና ወደ መስኮት ቁጥር አራት መጣሁ፤ በዚያም የላቦራቶሪ ውጤት ካላመጣሁ አቤቱታዬ እንደማይከፈት በትሕትና ተነገረኝ። ላቦራቶሪው በዚያው ሕንጻ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ይገኛልና ብልቃጤን ይዤ ወጣሁ፤ በዚያም ናሙና የሚቀበሉት ከመስኮት ቁጥር አራት ደብዳቤ ላመጣ ሰው ብቻ መሆኑን በበለጠ ትሕትና ገለጹልኝ። ወረድኩ፤ ደብዳቤው የሚሰጠው አቤቱታው ለተከፈተለት ነው ተባልኩ። ወጣሁ። በአንድ ክረምት ይህን ደረጃ አሥራ አራት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ጉልበቴ ከእንግዲህ የእናንተ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ዘበኛው እንኳ አዝኖልኝ፣ «አባባ፣ ደረጃውን ተከራይተውት ነው ወይስ ከአባትዎ የወረሱት ነው?» ሲል አጽናንቶኛል። የመስኮቷ ሠራተኛም፣ ለጨዋነቷ ምስጋና ይድረሳትና፣ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ «አባቴ፣ እኔም ለልጄ ቀይ ነገር አልገዛም፤ ከእኔ ግን አልሰሙም» ብላ አንሾካሾከችልኝ። አልሰማሁም።

አምስተኛ፤ ባለቤቴ ስላለችበት ሁኔታ ልግለጽልዎ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የእሷ ዓለም ግን ዛሬ አንድ ሳህን ሆኗል። በሳህኑ ላይ ድንች፣ እንቁላል፣ ሩዝ አሉ። በማግስቱ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ድንች ይሆናሉ። ቀይ የሆነ፣ ሮዝ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ሰው በፍቅር የሰጣት ነገር ሁሉ ተከልክሏል። እህቷ ቤት መሄድ ትታለች፤ የሚቀርብላትን ሁሉ እየመለሰች የሰው ፊት ማየት ሰለቻት። ልጆቻችን ሲመጡ ዘንቢላቸውን በር ላይ እበረብራለሁ፤ በስተርጅና የገዛ ቤቴ ፈታሽ ሆኛለሁ። እሷ ግን ቀልድ አልተወችም። ባለፈው ሰሞን በንባብ ብዛት የቀላውን ዓይኔን አይታ፣ «ከቀይ ነገር ሁሉ የቀረኝ ያንተ ዓይን ብቻ ነው፤ እሱንም በምን እንዳቀለሙት አጣራልኝ» ብላኛለች። ሳቅን። ቀጥሎም የያዘችውን ሹካ አስቀምጣ፣ «ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳልፈራ ብውጥ» አለች። ይህን ስትል ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር።

ስድስተኛ፤ የመጨረሻውና ለመጻፍ እጅግ የከበደኝ ይህ ነው። ከሰባት ወር በኋላ ለዘጠነኛው ደብዳቤዬ መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። መልስዎ አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ በደንቡ መሠረት «የምግብ ማቅለሚያና ማልበሻ በሕግ የተፈቀደ እስከሆነ ድረስ በጥቅሉ የተፈቀደ ተብሎ መጠቀሱ በቂ ነው» ይላል። ሐረጉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ አባት ልጁን በአካሄዱ ያውቀዋልና።

ክቡር ሆይ፤ ያን ሐረግ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ሕንጻ፣ ዛሬ የጽዳት ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ደንብ አርቅቄያለሁ። የምግብ መለያ ደንብ ለእኔ ሲቀርብ በዚህ ቦታ ላይ የአሥራ አንድ ማቅለሚያና ማልበሻ ስም ተዘርዝሮ ነበር፤ ያቺ ተባይም ከነመገኛዋ ሰባተኛ ላይ ሰፍራ ነበር። እኔ አንድ ቃል በሚበቃበት ሁለት የጻፈ ተማሪ በማስመሪያ ይመታ ከነበረበት ትምህርት ቤት የወጣሁ ነኝ፤ ዝርዝር ባየሁ ቁጥር መዳፌን ያሳክከኛል። አሥራ አንዱንም ሰረዝኩና ያችን አንዲት ሐረግ አስቀመጥኩ። የላቦራቶሪዋ ኬሚስት እስከ ክፍሌ ድረስ መጥታ፣ «ጌታዬ፣ ይቺን ተባይ ባይሰርዟት፤ አንድ ቀን የሚፈልጋት ሰው ይመጣል» ብትለኝ፣ «እመቤት፣ ደንብ የገበያ ዝርዝር አይደለም» ብዬ በራሴ ንግግር እየተደሰትኩ አሰናበትኋት። አለቆቼ አመሰገኑኝ። ሐረጓ ለአጻጻፍ ምሳሌ ሆና ለአዲስ ሠራተኞች ስትሰጥ እንደኖረች አውቃለሁ፤ በዚህም ስኮራ ኖሬያለሁ። የሚፈልጋት ሰው መጣ፤ አብራኝ አርባ ስድስት ዓመት የኖረች ሚስቴ ናት።

ይህን ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ዓይኗ ስለደከመ ጋዜጣ የማነብላት እኔ ነኝ፤ ይህም ደብዳቤ በወጣ ማግስት፣ ከቁርስ በኋላ፣ እንደ ልማዷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ «ዛሬ ምን ይላል?» ትለኛለች። ይህን ስድስተኛ ቅሬታ መዝለል እንደምችል አውቃለሁ፤ ማሳጠር የተካንኩበት ሙያ ነው። አልዘለውም። ከዚያ በኋላ የምትለኝን እሰማለሁ።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ምን ትፈልጋለህ ይሉኝ ይሆናል። የሐረጉ አባት እኔ ነኝ፤ ላሻሽለው ግን ሥልጣን የለኝም፤ ብዕሩ ዛሬ በእርስዎ እጅ ነው። እባክዎ አሥራ አንዱን ስሞች ወደ ቦታቸው ይመልሷቸው። አቀማመጡ ቢያስቀይም፣ መስመሩ ቢረዝም፣ ሰው «ይህ ደንብ የገበያ ዝርዝር ይመስላል» ብሎ ቢስቅ፣ ስድቡ ለእኔ ይሁን። ስሟ ተጽፎ ያየ ይብላት፣ የማይስማማው ይተዋት፤ እኛም የትኛውን በር መዝጋት እንዳለብን እናውቅ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለአሥራ አራት ጊዜ መስተንግዶ፣ ለዘጠኝ ደብዳቤዎቼ ምቹ ማረፊያና ለራሴ ሐረግ በማኅተም ተረጋግጦ መመለስ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። መንበርዎ ይጽና፤ ማዕድዎም የሚያውቁት ነገር ብቻ የሚቀርብበት ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
የቀድሞ የመሥሪያ ቤትዎ ደንብ አርቃቂ፣
የዛሬ የደረጃዎ ደንበኛ፣
የአንዲት ልብስ ሰፊ ባል።

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ፈርሜ ሳበቃ ከባለቤቴ ጋር ፋርማሲ ደርሼ ተመለስኩ። ሐኪሟ፣ ማበጥ ሲጀምራት ክሊኒክ እስክትደርስ ቶሎ እንድትውጠው ብለው ያዘዙላት ክኒን አለ፤ ከቦርሳዋ አይለይም። ክኒኑ የሚያምር ሮዝ ነው፤ ላዩም ያብረቀርቃል። ይህ ዛሬ ገና ዓይኔን ስለሳበው ፋርማሲስቷን መግለጫ ወረቀቱን እንድታነብልኝ ለመንኳት። እስከ ታች አነበበችው፤ አጠፈችው፤ «አባባ፣ የተፈቀደ ማቅለሚያ፣ የተፈቀደ ማልበሻ ነው የሚለው፤ ቀለም የሌለው ነጩ ክኒን ደግሞ አልገባልንም» አለችኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ መስኮት ቁጥር አራት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት አይንገሩኝ፤ እሱን አውቀዋለሁ። ጉሮሮዋ መዘጋት ሲጀምር ክኒኑን ላስውጣት ወይስ ከእጇ ልቀማት የሚለውን ብቻ፣ እንደ እኔ ሐረግ አጭር አድርገው ይጻፉልኝ።