በእኔ ስም ያስገዛኸኝ መድኃኒት

ውዴ ጌታቸው፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። ሪደርቫልድ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደተውከው ነው፤ በውስጡ ያለነው እኔና መቅደስ ግን እንደተውከን አይደለንም። ልጃችን ከቀብርህ ወዲህ በቅጡ አታናግረኝም ነበር። ነርስነት እየተማረች አይደል? አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ በጀርመንኛ፣ "አባዬ ሐኪም ሲያስፈልገው አንቺ ቅጠል ታፈይለት ነበር" አለችኝ። እውነቷን መስሎኝ ነበር።

አጀማመሩን ታውቀዋለህ። ግሪስሃይም ሰፈር ባለው መጋዘን ስትሠራ፣ በበላህ ቁጥር ሆድህ ይነፋ ጀመር። ሁለት ጎርሰህ ሳህኑን ትገፋለህ። የሥራ ባልደረባህ ወደ አንዲት ቻይናዊት መድኃኒት ሻጭ መራህ። ያመጣኸውን ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው፤ የደረቀ ቀይ ፍሬ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የፍጅል ዘር፣ የበቀለ ገብስ። "አንቺ፣ ይሄ እኮ ብቅል ነው! ጠላ ጠጥቼ ልድን ነው እንዴ?" ብለህ እስኪያስልህ ሳቅህ። አፍልቼ ሰጠሁህ። ሁለት ሳምንት ያህል እውነትም ቀለል አለህ፤ ሽሮ አስጨምረህ በላህ።

ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ። ሱሪህ ከወገብህ ይወርድ ጀመር። የቤተሰብ ሐኪማችን ሆድህ በካሜራ እንዲታይ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ አስያዘልህ። "ሄጄ ነበር፣ ደህና ነው አሉኝ" አልከኝ። አመንኩህ። ያን ሰሞን ነው፣ "ፈረቃዬ አልመች አለኝ፤ መሃል ከተማ፣ ኢነንሽታት ከሥራ ስትወጪ መድኃኒቱን አንቺ ግዢልኝ። ለራሴ ነው በያት፣ ለማታየው ሰው አትሰጥም" ያልከኝ። ሄጄ ሆዴን ይዤ "ይነፋኛል" አልኳት። ምላሴን አየች፣ የእጄን የደም ሥር ዳሰሰች፣ መድኃኒቱን ሰጠችኝ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። በመጨረሻ ሆስፒታል ስትገባ ጊዜው አልፎ ነበር።

ባለፈው ወር ንዴቴ አላስቀምጥ ሲለኝ ወደ ሱቋ ሄድኩ። ሰላምም ሳልላት ፎቶህን ከስልኬ አውጥቼ ፊቷ ላይ ደቀንኩት። "ይህን ሰው ገደልሽው" አልኳት፣ በዚያ አንተ በምታውቀው ስብርባሪ ጀርመንኛዬ።

ፎቶውን አይታ ቁጭ አለች።

"እኔ እኮ ከለከልኩት" አለችኝ። "እየከሳህ ነው፣ ይህ ምግብ አለመፈጨት አይደለም፣ ሆስፒታል ሂድ ብዬ ለሐኪሙ ወረቀት ጻፍኩለት። እንደገና ሲመጣም ባዶ እጁን መለስኩት።" ከዚያ ፊቴን አስተውላ አየችኝና፣ "አንቺስ? ሆድሽ ተሻለሽ?" አለች።

ጌታቸው፣ መደርደሪያውን ይዤ ነው የቆምኩት። እሷም ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንተ ቤት ተኝተህ ስታቃስት፣ እሷ የጤነኛ ሴት የደም ሥር ስትዳስስ ነበር። በማግሥቱ ሐኪማችን ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። ቴርሚኑ ላይ አልተገኘህም።

አባትህ ለቀላል ቀዶ ጥገና ገብተው እንዳልወጡ ነግረኸኛል። ፈርተህ ነበር፣ ይገባኛል። ፈራሁ ብትለኝ ግን እጅህን ይዤ አብሬህ እገባ ነበር። አንተ ደግሞ በእኔ አፍ ዋሸህ።

ለመቅደስ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል እያልኩ ሦስት ሳምንት ከረምኩ። ብነግራት አባቷን ከዓይኗ አወርዳለሁ፤ ዝም ብል እሷን አጣለሁ። ባለፈው እሑድ ልትወጣ ካፖርቷን ስትለብስ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሳላስቀር። ቆማ ሰማችኝ።

"ለምን አሁን?" አለችኝ፣ በአማርኛ።

"ብቻዬን መሸከም አቃተኝ።"

አባዬ አያደርገውም ብላ የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን፣ "በጣም ፈርቶ ነበር ማለት ነው?" አለች። አዎ አልኳት። ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠችና ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። የዚያን ቀን የትም አልሄደችም።

ሰው ሲጠይቀኝ ደግ ባል፣ ደግ አባት ነበር እላለሁ፤ ነበርክና። እኔና ልጅህ ብቻችንን ስንሆን ግን የፈራኸውንም፣ የዋሸኸኝንም እናነሳለን። አስተካክለን፣ አሳምረን አንይዝህም። ገና ይቅር አላልኩህም፤ ግን ከነጥፋትህ የእኔ ነህ፣ ከነጥፋትህም አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ፣ አልማዝ